ረጅሙ ፈረስ በፈቃዱ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ

ውድ አንባቢ፤ ፈረስ አለዎት? ካለዎት ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ከሌለዎትም ያንብቡት፤ ለጎረቤትዎ ይጠቅማል።

“ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን አልያዝም፣ ልባብ አላጠልቅም ያለ ፈረስ አያደርስም። ቆሞ ገብስ ይበላል እንጂ የቸገረ ቀን አይደርስም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

የአንድ ሌሊት ነገር

ክረምቱን ፊደል ላስቆጥር የሄድኩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ አንድ የደጋ መንደር ነው። ያሳደሩኝ አባወራ አንድ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። ከሰላሌ ገበያ የተገዛ ነው። የአገራችን ፈረስ አብዛኛው አጭር ነው። ይኸኛው ግን ጀርባው ከአገጬ ይደርሳል። ራሱን ሲያነሣ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። መንደሩ ሁሉ ያደንቀዋል። ልባብ የሚያጠልቅለት ሰው ግን አልነበረም። ሻጩ በስንት ሰው እርዳታ እንዳመጣው የሚያውቅ የለም።

አንድ ሌሊት የአባወራው ልጅ ሆዱን ታመመ። አሥር ዓመቱ ነው። ላብ አጠመቀው፣ አስመለሰው። ጤና ጣቢያው በእግር አራት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። “ፈረሱን አምጡ!” ተባለ። ስድስት ሰዎች ገመድ ይዘው በረት ገቡ። አንዱ ጆሮውን ያዘ። አንዱ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። ሌላው በዱላ መታው። ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ። አንዱን ጎረቤት ገፍትሮ ከአጥር ጋር አጋጨው። አንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ ሆነ። በመጨረሻም ሰዎቹ ደከሙና ተዉት።

ልጁን በቃሬዛ ተሸክመን ሄድን። ጭቃ ነበር፣ ጨለማ ነበር፣ ወንዙም ሞልቶ ነበር። የደረስነው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ልጁ ተረፈ። ሐኪሙ ግን “ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አስቸጋሪ ነበር” አለን። አባወራው ደጅ ላይ ተቀምጠው “ፈረስ እያለኝ ልጄን በሰው ትከሻ!” እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ቃል ከልቤ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ መጡ። በወጣትነታቸው ብዙ ፈረስ የገሩ ናቸው። “አሥራ ሁለት ቀን ስጡኝ። ዱላ የያዘ ሰው ግን እንዳይጠጋኝ” አሉ። እኔም ማታ ማታ ካስተማርኩ በኋላ ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ያየሁትን በደብተር ጻፍኩ። ከዚያም ስለ ፈረስ ጠባይ ያነበብኩትን ጨመርኩበት። አሁን ለእርስዎ የማስረዳው ይህንኑ ነው።

ልባብ ምንድን ነው?

ልባብና ልጓም አንድ አይደሉም። ልጓም አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት አለው። ልባብ ግን ብረት የለውም። ከገመድ ወይም ከጠፍር ይሠራል። አንዱ ቀለበት በአፍንጫው ዙሪያ ይውላል። ሌላው ክር ከጆሮዎቹ ኋላ በማጅራቱ ላይ ያልፋል። ከአገጩ ሥር ደግሞ መሳቢያው ገመድ ይታሰራል። ፈረስ መጀመሪያ ልባብ ይለምዳል። ልጓምና ኮርቻ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የልባቡ ገመድ ለስላሳና ጣት የሚያክል ውፍረት ያለው ይሁን። ቀጭን የናይለን ገመድ ቆዳ ይቆርጣል። ሻካራ ቃጫም ያቆስላል። ጠፍር ከሆነ በቅባት ታሽቶ ይለስልስ። መሳቢያው ስድስት ክንድ ያህል ይርዘም።

ፈረስ ለምን ራሱን ያነሣል?

“ፈረሱ ተንኮለኛ ነው” እንላለን። አይደለም። ፈረስ ፈሪ ነው። ቀንድ የለውም። ከጅብም ከአንበሳም የሚያመልጠው በሩጫ ነው። ስለዚህ የማያውቀው ነገር ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያስበው መሸሽን ነው። መሸሽ ካልቻለ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል። እዚያም ካልተተወ ይራገጣል።

ዓይኑንም እንይ። የሰው ዓይን ከፊት ነው። የፈረስ ዓይን ግን ከጎንና ከጎን ነው። ስለዚህ ዙሪያውን ሁሉ ለማለት ይቻላል ያያል። የማያየው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንደኛው ከጭራው ቀጥታ ኋላ ነው። ሁለተኛው ከግንባሩ ፊት ለፊት በጣም ቅርብ ያለው ቦታና ከአፍንጫው ሥር ነው። አሁን ያስቡት። ፊት ለፊት መጥተው እጅዎን ድንገት ወደ ግንባሩ ቢሰነዝሩ እጅዎ ከዓይኑ ይሰወርበታል። የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ስለዚህ ራሱን ያነሣል። ይህ ጥጋብ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ፈረስ ሲጎተት መልሶ ይጎትታል። ክብደቱ ከአራት ሰው ክብደት ይበልጣል። በጉልበት ከተገጠሙ የሚያሸንፈው እሱ ነው። ደግሞም ማሸነፉን አይረሳም።

ዋናው ቁልፍ፤ መልቀቅ ነው

ሽማግሌው የነገሩኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው። “ልጄ፣ ፈረስ የሚማረው ስትይዘው አይደለም፤ ስትለቀው ነው” አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። እንዲህ አድርገው አስረዱኝ። እጅዎን በፈረሱ አንገት ላይ አሳርፈዋል እንበል። ፈረሱ ራሱን ሲያነሣ እጅዎን ቢያነሡ “ራሴን ሳነሣ ይተወኛል” ብሎ ይማራል። ራሱን ዝቅ ሲያደርግ እጅዎን ቢያነሡ ደግሞ “ዝቅ ስል ይተወኛል” ብሎ ይማራል። እጁ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚነሣበት ጊዜ ነው።

ያን ሌሊት ስድስቱ ሰዎች ምን አስተማሩት? ሰዎቹ የተዉት በኋላ እግሩ ከቆመና ከተራገጠ በኋላ ነው። ስለዚህ “ስራገጥ ይተዉኛል” ብሎ ተማረ። ሳናውቀው አስተማርነው ማለት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ቦታው አጥር ያለው ግቢ ይሁን። በጣም የጠበበ አይሁን፤ ቢደነግጥ መሸሻ ይኑረው፣ እርስዎም መውጫ ይኑርዎት። ውሻ ይታሰር። ልጆች አይንጫጩ። ፈረሱ በልቶና ጠጥቶ የረጋበትን ሰዓት ይምረጡ። ማዕበልና ነፋስ ባለበት ቀን አይጀምሩ።

የራስዎንም ነገር ይመልከቱ። ተቆጥተው ከሆነ ወይም የሚቸኩሉበት ጉዳይ ካለ ለነገ ያሳድሩት። ይህ አዲስ ምክር አይደለም። ከ2300 ዓመት በላይ በፊት የኖረ ዜኖፎን የሚባል የግሪክ ወታደር ስለ ፈረስ አያያዝ መጽሐፍ ጽፏል። በቁጣ ፈረስ ዘንድ መቅረብ እንደማይገባም መክሯል። የእኛም ሽማግሌ ያንን መጽሐፍ ሳያነቡ ያንኑ አሉኝ።

ትምህርቱ በቀን ሁለት ጊዜ ይሁን። በአንድ ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይብለጥ። ሁልጊዜም ፈረሱ ደህና በሠራበት ሰዓት ያቁሙ።

አንደኛ፤ መቅረብ

ከኋላ አይምጡ። ፊት ለፊትም አይምጡ። ከግራ ጎኑ፣ ወደ ትከሻው አቅጣጫ፣ ቀስ ብለው ይሂዱ። እየሄዱ ያናግሩት። የሚሉት ቃል ችግር የለውም፤ ድምፅዎ ዝቅ ያለ ይሁን። ዓይኑን ትኩር ብለው አይዩት።

ራሱን ቀና አድርጎ ጆሮውን ካቆመ ይቁሙ። ባሉበት ይጠብቁ። ጆሮውን ሲያላላ ወይም በረጅሙ ሲተነፍስ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። ይህ መልቀቅ ነው። ከዚያ እንደገና ይቅረቡ። ቢሸሽ አያሯሩጡት። ቆመው ይጠብቁት። ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን ፈረሱን አልነኩትም። መንደርተኛው ሳቀ። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሁለተኛ፤ መንካት

መጀመሪያ የሚነካው ትከሻው ነው። ፊቱ አይደለም። በመዳፍዎ አይጠፍጥፉት፤ በጣትዎ ይከኩት። ፈረሶች ሲዋደዱ ጋማው ከሚያልቅበት ከትከሻው በላይ ያለውን ጉብታ በጥርሳቸው ይካከካሉ። ሜዳ ላይ አይተው ይሆናል። እዚያ ቦታ ሲታከክ የፈረስ ልብ ምቱ ይቀንሳል፣ ይረጋል። ከንፈሩን ሲያንቀጠቅጥና ሲያስረዝም ደስ ብሎታል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ አንገቱ ይሂዱ፣ ይመለሱ። ወደ ጉንጩ ይሂዱ፣ ይመለሱ። ራሱን ሳያነሣ በፊት እጅዎን ይመልሱ። በግራ በኩል የለመደውን በቀኝ በኩልም ያስለምዱት። ፈረስ በአንድ ጎኑ ያየውን በሌላ ጎኑ ሲያይ እንደ አዲስ ሊደነግጥ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ራሱን ዝቅ ማድረግ

ረጅም ፈረስ ላይ ዋናው ትምህርት ይህ ነው። ወደ ላይ አይዝለሉ። ድንጋይ ላይ አይውጡ። አንገቱ ላይ አይንጠልጠሉ። እርስዎ ወደ እሱ ከፍ አይሉም፤ እሱ ወደ እርስዎ ዝቅ ይላል።

ከትከሻው አጠገብ ቆመው እጅዎን በአንገቱ ላይ ያሳርፉ። ማጅራቱ ላይ ካልደረሱ በሚደርሱበት ይጀምሩ። በጣም ትንሽ ይጫኑት፤ ዝንብ ካረፈችበት ትንሽ በለጥ ያለ ብቻ። አይጨምሩ። ይጠብቁ። ፈረሱ ራሱን አንድ ጣት ያህል እንኳ ዝቅ ካደረገ ወዲያው እጅዎን ያንሡ። “ጎሽ” ይበሉት፣ ትከሻውን ይከኩለት። ወዲያው ነው ያልኩት። ከዘገዩ ለምን እንደተለቀቀ አያውቅም።

ራሱን ቢያነሣስ? እጅዎን ሳያጠብቁም ሳያነሡም አብረውት ይሂዱ። ካመለጠዎት ይተዉትና ከትከሻው እንደገና ይጀምሩ።

አንድ ጣት ነገ አንድ ስንዝር ይሆናል። በአምስተኛው ቀን ዳማው ማጅራቱ ሲነካ ራሱን እስከ ሽማግሌው ደረት አወረደ። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

አራተኛ፤ ልባቡን ማስተዋወቅ

ልባቡን ከጀርባዎ አይደብቁ። ያሳዩት፣ ያሽትተው። ትከሻውን በልባቡ ይሹለት። ከዚያ አንገቱን፣ ከዚያ ጉንጩን ይሹለት። ከዚያ ገመዱን በአንገቱ ላይ ጣል አድርገው መልሰው ያንሡት። ደጋግመው ያድርጉት።

አምስተኛ፤ ማጥለቅ

በግራ ትከሻው አጠገብ ይቁሙ። ማጅራቱን ነክተው ራሱን ዝቅ ያስደርጉት። የአፍንጫውን ቀለበት በሁለት እጅዎ ከፍተው ከአፍንጫው ዝቅ አድርገው ይያዙ። ወደ ፊቱ አይግፉት። ራሱ አፍንጫውን ያግባ። እምቢ ካለ ከቀለበቱ ሥር በገበቴ ትንሽ ገብስ ያስቀምጡ። ለመብላት ሲል አፍንጫውን ያሳልፋል። መጀመሪያ ላይ ሳያስሩ ያውጡለት። አግብቶ ማውጣቱን ብዙ ጊዜ ያለማምዱት።

ገብሱን በእጅዎ እያጎረሱ አያስለምዱት። መንከስ ይማራል። ደግሞም ገብሱ ከሥራው በኋላ የሚመጣ ምስጋና ይሁን እንጂ መለመኛ አይሁን።

አፍንጫውን ማግባት ሲለምድ የኋላውን ክር በማጅራቱ ላይ አሳልፈው ያስሩ። ጆሮውን አይጠፉ፣ አይጎትቱ። የአፍንጫው ቀለበት ከጉንጩ አጥንት ጫፍ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይዋል። ወደ ለስላሳው አፍንጫ አይውረድ። ለምን ቢባል፣ ፈረስ እንደ ሰው በአፉ አይተነፍስም፤ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነው። ቀለበቱ ከወረደ ትንፋሹን ያፍነዋል። ቀለበቱ ውስጥ ሁለት ጣት ማግባት ከቻሉ ልኩ ነው።

ስድስተኛ፤ መሳብና ማውለቅ

ልባብ የገባለት ፈረስ ወዲያው አይጎተት። መሳቢያውን በትንሹ ወደ ጎን ይሳቡ። ራሱን ወይም አንድ እግሩን ወደ እርስዎ ካመጣ ገመዱን ያላሉ። ያው መልቀቅ ነው።

ማውለቅም ትምህርት ነው። ራሱን ዝቅ እስኪያደርግ ጠብቀው ያውልቁ። ቸኩለው ካወለቁና ፈረሱ ነጥቆ ከሮጠ ለነገ መጥፎ ልማድ ይዞ ይመጣል። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” እንደሚባለው ነው።

ጥንቃቄ

ገመዱን በእጅዎ ወይም በወገብዎ አይጠምጥሙ። ፈረሱ ቢደነግጥ ጣት ይቆርጣል፣ ሰውም ጎትቶ ይገድላል። ገመዱን አጥፈው በመዳፍዎ ይያዙ።

በአንገቱ ላይ ሸምቀቆ አያግቡ። ሲጎትት ያንቀዋል።

ሲያስሩት ጫፉ ሲሳብ ቶሎ በሚፈታ ቋጠሮ ይሰሩት። የሚታሰርበት እንጨት የማይነቀል ይሁን።

ልባብ እንዳጠለቀ ለግጦሽ አይልቀቁት። ቁጥቋጦ ይይዘዋል። ራሱን በኋላ እግሩ ሲያክ ኮቴው ሊገባበትና አንገቱን ሊሰብር ይችላል።

ልጆች ያለ አዋቂ ፈረስ ዘንድ አይቅረቡ።

ፈረሱ አሁንም እምቢ ቢልስ?

ምናልባት አሞት ይሆናል። ጆሮው ውስጥ መዥገር አለ? ማጅራቱ ላይ ቁስል አለ? ሲያኝክ ምግቡን ያንጠባጥባል? ጥርሱ ሊሆን ይችላል። የሚያመውን ቦታ የሚነካ ሰው ፈረስ አይወድም። ደስም አይበለን። በዚህ ጊዜ ልባቡን ትተው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳዩ። ሲድን ትምህርቱን ይቀጥሉ።

ከዚህ በፊት የተደበደበ ፈረስ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። አሥራ ሁለት ቀን ላይበቃው ይችላል። አንድ ወርም ቢሆን ይታገሡት። አንድ ቀን ከተመታ ግን የአሥር ቀን ሥራ ይፈርሳል።

አባቶቻችን ፈረስ ያከብሩ ነበር

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የዘመቱት አባቶቻችን በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ሰው በፈረሱ ስም ሲጠራ ፈረሱ የክብሩ ተካፋይ ነበረ ማለት ነው። በአዊም የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓላቸውን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያከብራሉ። በዚያ ቀን ፈረሶቹ አጊጠው ሲወጡ ያየ ሰው በሕዝብ ጩኸት መካከል ረግተው ሲቆሙ ይገረማል። ያ እርጋታ በዱላ የመጣ አይደለም።

የአሥራ ሁለተኛው ቀን

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌው ልባቡን ለአባወራው ሰጡ። አባወራው አጠለቁ። ፈረሱ አልተነቃነቀም። ከዚያ ሽማግሌው “አሁን ልጁን ጥሩት” አሉ።

በቃሬዛ የተሸከምነው ልጅ መጣ። ቁመቱ ከፈረሱ ደረት አይበልጥም። አባቱ አጠገቡ ቆሙ። ልጁ ልባቡን ይዞ የፈረሱን አንገት በጣቱ ነካ። ያ ስድስት ሰው ያልቻለው ረጅም ፈረስ ራሱን አወረደ። አፍንጫውን በቀለበቱ ውስጥ ራሱ አገባ። እናቱ ከበሩ ላይ ሆነው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ማንም አልተናገረም።

ማታ በትምህርት ሰዓት አባወራው ስማቸውን መጻፍ አልሆን ብሏቸው ሰሌዳውን ሊተዉት ነበር። እኔም በፊት ብሆን “ቶሎ ቶሎ ይበሉ” ብዬ እቆጣ ነበር። ያን ማታ ግን “ዛሬ አንዷ ፊደል ትበቃናለች” አልኩ። አንዷን ፊደል አሳምረው ጻፉ። በማግስቱ ስማቸውን ጨረሱ።

ውድ አንባቢ፤ የቸገረ ሌሊት መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ፈረስዎን ዛሬ ያስለምዱት። ይህን ያነበቡም ላላነበበው ያንብቡለት።

እስቲ ይመልሱ

1. ልባብና ልጓም ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. ፈረስ የማያያቸው ሁለት ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?
3. የአፍንጫው ቀለበት ለምን ወደ ታች አይወርድም?
4. ፈረሱ ራሱን አንድ ጣት ዝቅ ሲያደርግ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?